አምስተኛው ሩብ፤ ስለ ሮማው የቴስታቾ ገበያ

አንድ በሬ ስንት ሩብ አለው? ሒሳብ የተማረ ሁሉ አራት ይላል። በሮማ ከተማ ቴስታቾ በሚባለው ሰፈር ግን አምስት ነው ይላሉ። ሁለት የፊት፣ ሁለት የኋላ፣ አራቱ ይሄው። አምስተኛው ሩብ ከአራቱ የተረፈው ሁሉ ነው፤ ጭንቅላቱ፣ ምላሱ፣ ጨጓራው፣ ሳንባው፣ ጉበቱ፣ ጣፊያው፣ አንጀቱ፣ ጅራቱ። በነሱ ቋንቋ «ኩዊንቶ ኳርቶ» ይሉታል። እኛ ቅርጫ ሲከፋፈል እያየን ያደግን ስለሆንን ነገሩ ቶሎ ይገባናል። ልዩነቱ፣ በቅርጫ መደቡ እኩል ተደልድሎ ከሽንጡም ከጨጓራውም ለሁሉም ይደርሳል። በሮማ ግን አራቱ ሩብ ወደ አንድ ወገን፣ አምስተኛው ወደ ሌላ ወገን ይሄድ ነበር።

በትምህርት ቤት ስለ ሮማ ያልተነገረን ነገር ያለ አይመስለንም። ቄሣሮቹን በተራ እንቆጥራለን፣ ጳጳሳቱን እናውቃለን፣ ዱቼውንማ አያቶቻችንም አይረሱትም። ሮማ ምን በልታ እንዳደረች ግን የነገረን የለም። እኛ ደግሞ «መርካቶ» የሚለውን የነሱን ቃል በቀን አሥር ጊዜ እየጠራን፣ ቃሉ ባገሩ ምን ዓይነት ኑሮ እንዳለው ጠይቀን አናውቅም። ስለዚህ ዛሬ ከቤተ መንግሥቱ በር ዘወር ብለን በገበያው በር ለመግባት አስበናል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እስቲ በሐሳብ አብረን እንግባ። ገበያው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ጧት ጧት ይቆማል፤ ዘግይቶ ለሄደ የሚጠብቀው የታጠበ መደብ ነው። ወደ አትክልት ሻጩ ስንጠጋ መጀመሪያ የምንማረው ነገር እጃችንን መሰብሰብ ነው። ቲማቲሙን ጨምቆ፣ ኮኩን አገላብጦ መምረጥ እዚያ ነውር ነው፤ መርጦ የሚሰጠው ሻጩ ነው። ሰልፍ የሚባል የተቀጠረ መሥመር የለም፤ አዲስ መጪ «መጨረሻው ማነው?» ብሎ ይጠይቅና ከማን ቀጥሎ እንደሆነ ልብ ብሎ ይቆማል። አንዲት አሮጊት ዘንቢላቸውን ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው ከሻጩ ጋር ስለ ጉልበታቸው ሕመም እየተጨዋወቱ ቢቆዩ ማንም አይቆጣም። ወረፋ ሲደርስ ሻጩ በሮማ ሰፈር አነጋገር «ምን ልስጥህ?» ይላል፤ አንቱታ እዚህ ቦታ ብዙ አያስፈልግም።

በብርዱ ወራት «ፑንታሬሌ» የሚሉት መራራ ቅጠል በቀጭን ተሰንጥቆ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ይሸጣል፤ ቤት ሲደርስ በነጭ ሽንኩርት፣ በሆምጣጤና በጨው በታሸገች ትንሽ አሣ ይለወሳል። ብርዱ ሲያልፍ «ካርቾፎ» የተባለው ገና ያልፈነዳ እሾሃማ አበባ ይደረደራል፤ ሻጮቹ በቢላዋ ጠንካራውን ልጣጭ እየላጡ ሎሚ ያለበት ውሃ ውስጥ ይጥሉታል። በሜይ ወር መጀመሪያ እሸት ባቄላ ከበግ ወተት አይብ ጋር በጥሬው ይበላል። እሸት ባቄላን በጥሬው መብላት የኛ ገጠር ልጅ ብቻ የሚያውቀው መስሎን ነበር! ሸመታው ሲያልቅ ሻጩ አንዲት ክር ሴለሪ፣ አንዲት ካሮትና ጥቂት ቅጠላ ቅጠል ጨምሮ ከዘንቢሉ ውስጥ ይከታል፤ «ኦዶሪ» ይሉታል፣ መዓዛዎቹ ማለት ነው። ለወጥ ማጣፈጫ ነው እንጂ ዋጋ አይጠየቅበትም። እኛ ምራቂ የምንለው ማለት ነው። አይብና ሥጋ ደግሞ በኪሎ ሳይሆን «በኤቶ» ይጠየቃል፤ አንድ ኤቶ 100 ግራም ነው። ይህችን ኤቶ አንባቢ በልቡ ይያዛት፤ ኋላ እንመለስባታለን።

የራበው እዚያው ይበላል። የበሬ ሥጋ ለረጅም ሰዓት ተቀቅሎ ዳቦ ውስጥ ይገባል፤ ዳቦውም መረቁ ውስጥ ጠቀስ ተደርጎ በወረቀት ተጠቅልሎ ይሰጣል። ጨጓራ በቲማቲም ተሠርቶ፣ ጠንካራ አይብ ተፈቅፍቆበት፣ ናና መሰል ቅጠል ጣል ተደርጎበት ይቀርባል። ቆሞ የሚበላው ብዙ ነው። ጠበቃውም ግንበኛውም መረቁ እጅጌው ላይ እንዳይፈስ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ነው የሚበላው።

ታዲያ ይህ ምግብ ከየት መጣ? መልሱን ለማግኘት ከገበያው ወጣ ብለን ጥቂት እርምጃ እንሂድ። አንድ ኮረብታ አለ፤ ከፍታው 35 ሜትር ያህል፣ ዙሪያው አንድ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ኮረብታው ግን አፈር አይደለም፤ ገል ነው! በጥንቱ የሮማ መንግሥት ዘመን፣ በተለይ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሦስት መቶ ዓመታት፣ ከደቡብ እስፓኝና ከሰሜን አፍሪካ የወይራ ዘይት በትልልቅ ጋን እየተጫነ በቲበር ወንዝ ይመጣ ነበር። ዘይት የያዘ ጋን ስለሚሸትና ዳግም ስለማያገለግል እዚሁ እየተሰበረ፣ ሽታው እንዲቀንስ ኖራ እየተነሰነሰበት ተከመረ። ሊቃውንት የጋኖቹን ቁጥር እስከ 53 ሚሊዮን ይገምቱታል። የሰፈሩም ስም ከዚህ የመጣ ነው፤ «ቴስታ» ባሮጌው ላቲን ገል ማለት ነውና። የሮማን ኀይል ለማየት ሁሉም ወደ ኮሎሴዩም ይሮጣል። እኛ ግን የሰው ምድር አርሶ፣ ጨምቆ፣ ጭኖ ሮማን ይቀልብ እንደነበር የሚመሰክር ከዚህ የገል ክምር የበለጠ ሐውልት አላገኘንም። የኋላ ዘመን ሰዎች ደግሞ የኮረብታው ውስጥ ቀዝቃዛ መሆኑን አይተው እግሩን እየፈለፈሉ የወይን ጠጅ ማስቀመጫ አደረጉት፤ በላዩም ጠጅ ቤት ከፈቱ። የባለጸጋው ጥራጊ የድኻው ጓዳ ሆነ ማለት ነው።

በ1870 የኢጣሊያ ጦር ሮማን ከጳጳሱ እጅ ወስዶ በማግሥቱ ዓመት የአገሪቱ ዋና ከተማ አደረጋት። ያኔ የነዋሪዋ ቁጥር ከ200 ሺህ ጥቂት ቢበልጥ ነው። ቢሮው ሲከፈት፣ ሕንጻው ሲነሣ ከየገጠሩ የሚፈልሰው ሰው በዛ፤ ለዚህ ሁሉ ሕዝብ ሥጋ የሚያቀርብ ቄራ አስፈለገ። ከ1888 እስከ 1891 ባለው ጊዜ ጆአኪኖ ኤርሶክ በተባለው መሐንዲስ ንድፍ መሠረት ትልቁ ቄራ ከገሉ ኮረብታ አጠገብ ተሠራ፤ በዙሪያውም የሠራተኞች መኖሪያ ተደረደረ። ዶሜኒኮ ኦራኖ የተባለ ሰው በ1912 ባሳተመው ጥናት የሰፈሩ ቤቶች እንዴት ተጨናንቀው ሰው በሰው ላይ ይኖርባቸው እንደነበር ዘርዝሮ ጽፏል።

እንግዲህ አምስተኛው ሩብ እዚህ ላይ ይመጣል። በሬውን የሚጥለው፣ ቆዳውን የሚገፈው፣ ሥጋውን የሚበልተው የቴስታቾ ሰው ነው። ሽንጡና ታፋው ግን በጋሪ ተጭኖ ወደ መኳንንቱ፣ ወደ ካህናቱ፣ ወደ ነጋዴውና ወደ ሹሙ ቤት ይሄዳል። ለቄራው ሠራተኛ ከደሞዙ ጋር የሚሰጠው የተረፈው ነበር። ሚስቶቹና ሰፈሩ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ምግብ ቤቶች ይህን ተቀብለው ምን እንዳደረጉት እንይ። ጅራቱን ከቲማቲምና ከሴለሪ ጋር ሥጋው ካጥንቱ እስኪላቀቅ ድረስ በዝግታ ቀቀሉት። እናቱን ከመጥባት ሌላ ያልቀመሰ ጥጃ አንጀቱን ወተቱ ውስጡ እንዳለ አብስለው በመኮሮኒ አቀረቡት። የሳምንቱም ሥርዓት ወጣለት፤ ሐሙስ የድንች ኞኪ፣ ዓርብ ሥጋ ስለማይበላ አሣ፣ ቅዳሜ ጨጓራ። ዛሬ «የሮማ ምግብ» ተብሎ በዓለም የሚወደሰው አብዛኛው ይህ ነው። የንጉሡ ወጥ ቤት ምን ይሠራ እንደነበር የሚያስታውሰው ጥቂት ነው፤ የቄራ ሠራተኛ ሚስት የሠራችው ግን የከተማዋ ስም ሆኖ ቀረ።

ነገሩን በዚህ ብንዘጋው ግን ተረት ይሆንብናል። ድኽነት ምግብ ያጣፍጣል ብለን እንድንቀር አንፈልግም። ድኽነት ያስርባልም። ፋሽስቶች አገራችንን በወረሩ ጊዜ፣ በዲሴምበር 18 ቀን 1935፣ የኢጣሊያ ሴቶች የጋብቻ ቀለበታቸውን ለጦርነቱ እንዲለግሱ ሆነ፤ እኛ ላይ የዘነበው ቦምብ በከፊል ከነዚያ ጣቶች ላይ የወጣ ነው። በሜይ 9 ቀን 1936 ሙሶሊኒ ከሰገነቱ ላይ ቆሞ ኢምፓየር ተመሠረተ ብሎ አወጀ። ከዚያስ? ስምንት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በማርች 1944፣ ሮማ በጀርመን ጦር ተይዛ ሳለ የአንድ ሰው የቀን ዳቦ ወደ 100 ግራም ወረደ። ኤቶ ያልነው እሱ ነው! ለአንድ ሰው፣ ለቀን ሙሉ። ሴቶቹ ዳቦ ቤት ሰብረው እስከ መግባት ደረሱ፤ ገንዘብ ያለው ከጥቁር ገበያ ይሸምታል፣ የሌለው ጦሙን ያድራል። እዚሁ ቴስታቾ ያደገችው ደራሲ ኤልሳ ሞራንቴ በ1974 ባሳተመችው «ላ ስቶሪያ» («ታሪክ» ማለት ነው) በተባለው ልብ ወለድ የጻፈችው ይህንኑ ዘመን ነው። አርእስቱ ታሪክ ይባል እንጂ ባለታሪኮቹ ጄኔራሎች አይደሉም፤ ልጇን የምታበላው ያጣች አስተማሪ ናት።

ያን ጊዜ እኛስ ጋ ምን ነበር? በአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ አራዳ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ፋሽስቶች ከ1936 እስከ 1941 በቆዩበት ጊዜ ፒያሳን ለነጭ፣ ወደ ምዕራብ ያለውን ለጥቁር ብለው ከፈሉ። ገበያውንም ወደዚያው ገፍተው «ሜርካቶ ኢንዲጄኖ»፣ ያገሬው ተወላጅ ገበያ፣ አሉት። በ1937 ደግሞ ጣሊያንና ሐበሻ አብረው ትዳር መሰል ኑሮ እንዳይኖሩ በሕግ ከለከሉ። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ባገሩ ጠበቃና ግንበኛ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው የሚበሉበት ስፍራ ስም፣ ወደኛ ሲመጣ አጥር ሆኖ መጣ። ከተማይቱን እንደ በሬ በልተው አምስተኛውን ሩብ ለባለቤቶቹ ሰጡ ማለት ነው። ይሁን እንጂ «ኢንዲጄኖ» የሚለው ስድብ ከአፋችን ወድቆ ጠፋ፤ «መርካቶ» ብቻ ቀረ። ከዳር እስከ ዳር ያለው የኢትዮጵያ ሕዝብ ገብቶበት፣ ነግዶበት፣ ተጣልቶና ታርቆበት የራሱ አደረገው። የቴስታቾ ሴቶች በጨጓራው ያደረጉትን የኛ ሰው በቃሉ አደረገ።

ወደ ሮማ እንመለስ። ቄራው በ1975 ተዘጋ፤ ሕንጻው ዛሬ የሥዕል ማሳያና የአርኪቴክቸር ተማሪዎች መማሪያ ነው። በአደባባዩ የነበረው ገበያም በ2012 ከቄራው ፊት ለፊት ወደ ተሠራለት አዲስ ሕንጻ ገባ። ዛሬ ጅራቱን ለመብላት የሚመጣው አብዛኛው አገር ጎብኚ ነው፤ ዋጋውም የሠራተኛ ዋጋ አይደለም። አምስተኛው ሩብ ወደ አራቱ ተቀላቀለ። ታዲያ የዛሬው አምስተኛ ሩብ የማን ነው?

ከገበያው አቅራቢያ ፒራሚዴ ከሚባለው ጣቢያ ባቡር እንሳፈር። ቀጣዩ ጣቢያ ቺርኮ ማሲሞ ነው፤ የአክሱም ሐውልታችን በ1937 ተወስዶ የቆመው እዚያ ነበር፣ በ2005 አገሩ ገብቶ በ2008 በቦታው እስኪተከል ድረስ። ጥቂት አልፈን ተርሚኒ ስንወርድ ፊት ለፊት ያለው ሜዳ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል፤ አምስት መቶዎቹ በ1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸው ወታደሮች ናቸው። ከዚያ ብዙ ሳንርቅ የኤስኩዊሊኖ ገበያ አለ፤ እስከ 2001 ድረስ በፒያሳ ቪቶሪዮ ሜዳ ላይ ይቆም የነበረው ነው። እዚያ የቻይናው፣ የባንግላዴሹ፣ የሴኔጋሉ፣ የኛም የሐበሻው ሰው ባገሩ ቋንቋ ይከራከራል። በርበሬው አለ፣ ዝንጅብሉ አለ፣ ቆስጣው አለ። ሌሊት ሽማግሌ አስታመው ያደሩ፣ ቤት ጠርገው የወጡ እኅቶቻችን የሽሮ ማጣፈጫቸውን የሚሸምቱት፣ አያቶቻቸውን ሊወጉ ሄደው በሞቱት ወታደሮች ስም በተጠራው አደባባይ እያለፉ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ የነሱ ወጥ «የሮማ ምግብ» ይባል ይሆናል፤ ማን ያውቃል።

እኛ ግን ያን ያህል መጠበቅ የለብንም። ዛሬ ማታ በካፌያችን ሰልፍ ላይ ስንቆም፣ ሳህናችን ላይ ያለውን ማን እንዳረሰው፣ ማን እንደጫነው፣ ማን እንዳበሰለው፣ እሱስ ራሱ ምን በልቶ እንዳደረ ብንጠያየቅ መልካም ነው። ታሪክ የሚባለው ትምህርት ከዚያ ቢጀመር ምን ይለዋል?