የደምቢያ ሐይቅ ዳርቻ፣ ንዳድና የጎንደር የጤና ትምህርት አጀማመር



የጎንደር ዩኒቨርሲቲ አመሠራረት ሲተረክ ደምቢያ ብዙ ጊዜ የምትነሣው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ወረርሽኝ ገባ፣ ብዙ ሰው አለቀ፣ ኮሌጁ ተቋቋመ ተብሎ ይታለፋል። እኔ ግን በዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የተጠቀለለውን ሕዝብ ላስቀድም እወዳለሁ። ጥያቄዬም ይህ ነው፦ የጣና ዳርቻ ነዋሪ ለዚህ ተቋም የመነሻ ምክንያት ብቻ ነው? ወይስ መምህሩም ጭምር? የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደምቢያ ከጎንደር ደጋ ግርጌ ተነሥቶ እስከ ጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ የሚዘረጋ ሜዳ ነው። ኮላ ድባ ከጎንደር በስተደቡብ ምዕራብ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በዚሁ ሜዳ ላይ ትገኛለች፤ ከርሷ ወደ ደቡብ የሚዘልቀውም መንገድ ጎርጎራ ወደብ ያደርሳል። የመገጭ ወንዝ ከጎንደር ተራሮች ያጠበውን አፈር ይዞ ሜዳውን አቋርጦ ወደ ሐይቁ ይገባል። ምድሩ ጥቁር መረሬ ነው፤ ጤፍ፣ ሽምብራና ጓያ ይሰጣል። ክረምቱ አልፎ ውኃው ሲመለስ ገበሬው እርጥቡን መሬት እየተከተለ ይዘራል፤ ይህንም መሬት «ባሕር ሸሽ» ይለዋል። በዳርቻው ወይጦዎች በደንገል ታንኳ ዓሣ ሲያሠግሩና ጭነት ሲያሻግሩ ኖረዋል። እንግዲህ ውኃው ለዚህ ሕዝብ እርሻም፣ መንገድም፣ ምግብም ነበር።

ይህ ለምነት ነገሥታትንም ስቧል። ዐፄ ሱስንዮስ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጎርጎራን መቀመጫቸው አድርገዋት ነበር። ኢየሱሳዊው ስፔናዊ ፔድሮ ፓኤዝም በ1622 በትኩሳት ታሞ የሞተው በዚያው በጎርጎራ ነው። ዐፄ ፋሲለደስ በ1636 ጎንደርን ሲቆረቁሩ መናገሻው ከሐይቁ 300 ሜትር በላይ ከፍ ወዳለ ቦታ ወጣ። ለምርጫው ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ የአየሩ ጤናማነት ነው የሚሉ የታሪክ ጸሐፍት አሉ። ቤተ መንግሥቱ ወደ ደጋ ሲወጣ ግን ገበሬው አብሮ አልወጣም፤ የከተማው ጎተራ ደምቢያ ነበርና። ከተማው እህሉን ከሜዳው ይቀበላል፤ ንዳዱን ግን ለሜዳው ይተዋል። የደጋና የዳርቻ ግንኙነት ለዘመናት በዚህ ሚዛን ላይ ቆሟል።

ንዳድ እንዴት ወረርሽኝ እንደሚሆን መረዳት ለታሪኩ አስፈላጊ ነው። መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ሲያባራ በየጉድጓዱና በየከብት ኮቴው የቋጠረው ውኃ ለወባ ትንኝ መራቢያ ይሆናል። በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ የሚኖር ሕዝብ ግን በየዓመቱ እኩል አይታመምም። ጥቂት ደኅና ዓመታት ሲያልፉ ሰውነቱ በሽታውን የመቋቋም አቅሙን ያጣል፤ ዝናብና ሙቀት የተስማሙበት ዓመት ሲመጣ በሽታው ሕፃን ሽማግሌ ሳይለይ ይነሣል። ወባ ዘወትር በማይጠፋበት ዝቅተኛ ቆላ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ሕፃናትን ሲሆን፣ እንደ ደምቢያ ባለ አገር ግን አራሹንና አጫጁንም ይጥላል። ወቅቱ ደግሞ አዝመራ የሚደርስበት ነው። አጫጁ ሲተኛ እህሉ በማሳው ይረግፋል፤ ከበሽታው የተረፈውን ቤተ ሰብ ረኀብ ይጠብቀዋል።

1953 እንዲህ ያለ ዓመት ነበር። በደምቢያ ሜዳ 7,000 ያህል ሰው በወባ እንዳለቀ ይነገራል። በማግሥቱ ዓመት በ1954 የኢትዮጵያ መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ተባብሮ በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከልን ከፈተ። የኮሌጁ አዲስ ነገር የሥልጠናው ቅርጽ ነበር። የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ እንደ አንድ ቡድን ሠልጥነው በጤና ጣቢያ አብረው እንዲሠሩ ታቀደ፤ አንዱ በሽተኛውን ሲመረምር፣ ሌላዋ ቤት ለቤት እናቶችን ስትጎበኝ፣ ሦስተኛው የውኃውንና የመንደሩን ንጽሕና እንዲመለከት ማለት ነው። ይህ አሳብ ከደምቢያ ልምድ ጋር ይገጥማል። በአዝመራ ወቅት በመንደሩ ሁሉ የተኛን ሕዝብ በከተማ ያለ የሆስፒታል አልጋ ሊደርስለት አይችልም፤ በሽታው በሚነሣበት ቦታ የሚገኝ ሰው ያስፈልጋል። የደምቢያ ሕዝብ መምህር ነው የምለው በዚህ ነው።

የዳርቻው መከራ የብቻው እንዳልነበረም ብዙ ሳይቆይ ታየ። በ1958 ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባላቸው የኢትዮጵያ አካባቢዎች በተነሣው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150,000 ያህሉ እንደ ሞተ ይገመታል። በ1959 የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ። ደምቢያ በአምስት ዓመት ቀድማ ያየችውን አገሩ በሙሉ አየው።

አሁን ሁለት ቁጥሮችን ጎን ለጎን ላስቀምጥ። አንደኛው የ1953ቱ 7,000 ነው። ሁለተኛው ከ2002 እስከ 2011 በኮላ ድባ ጤና ጣቢያ ከተደረገው የአሥር ዓመት ምርመራ የተገኘ ነው፤ ከ59,208 የደም ናሙናዎች በ23,473ቱ፣ ማለትም በ39.6 በመቶው፣ ወባ ተገኝቷል። ከነዚህም ሦስት አራተኛው ፋልሲፓረም የተባለው ከባዱ ዓይነት ነው፤ በሽተኛው ከሁሉ የሚበዛውም ከክረምት በኋላ በጸደይ ነበር። የመጀመሪያው ቁጥር ድፍን ነው፤ ሙታንን ከሞቱ በኋላ የሚገምት ቁጥር ነው። ሁለተኛው ግን እስከ መጨረሻዋ አኃዝ የተቆጠረ ነው፤ በእግሩ ወደ ጤና ጣቢያ መጥቶ ጣቱን ለመርፌ የሰጠ ሕያው ሰው ይዟል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የተቋሙ ሥራ ነው፤ ቤቱን ለመድኃኒት ርጭት የከፈተው፣ ውኃ የቋጠረውን ጉድጓድ የደፈነው ነዋሪ ሥራም ነው። ይሁንና ሁለተኛው ቁጥር ይወቅሰናል። ኮሌጁ ከተከፈተ ከግማሽ መቶ ዓመት በኋላ ከተመረመሩት አምስት ሰዎች ሁለቱ ወባ ነበረባቸው። የመሥራችነቱ ታሪክ በድል የተዘጋ አድርገን ልንተርከው አይገባም።

ዳርቻው ዛሬም ከደጋው የሚወርደውን ይቀበላል። በ2011 በመገጭ መግቢያ አካባቢ የታየው እምቦጭ በእርሻ ማዳበሪያና በከተማ ፍሳሽ በበለጸገ ውኃ ይፋፋማል፤ በመጀመሪያ በእጁ ሊነቅለው ወደ ውኃው የገባው ግን የዳርቻው ገበሬ ነው። በጎርጎራ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት የተሠራው መዝናኛ አዲስ እንግዳ ያመጣል። እንግዳው ሐይቁን ሲያደንቅ ነዋሪውንም እንዲያይ ታሪኩን መጻፍ የእኛ ፈንታ ነው።

በ1953 አሥር ዓመት የሞላው የደምቢያ ልጅ ዛሬ ሰማንያን አልፏል። ውድ ተማሪዎች፣ ለሥልጠና ወደ ኮላ ድባ ስትወርዱ የሕሙማኑን መዝገብ ብቻ ይዛችሁ አትመለሱ። የታመመውን ጎረቤት ማሳ ደቦ ወጥቶ ማን አጨደለት? ሟቹን ማን ቀበረው? ወላጆቹ የሞቱበትን ሕፃን ማን አሳደገው? እያላችሁ አረጋውያኑን ጠይቁ፤ የሚነግሯችሁንም ጻፉ። 7,000 ቁጥር ነው፤ አረጋውያኑ ግን ስም ይጠራሉ። ያ ስም ከነርሱ ጋር ከመቀበሩ በፊት መመዝገብ ይኖርበታል።