ሦስቱ ከተሞችና ሐዲዳቸው፤ የካርቱም ትራም ታሪክ

የአንድን ከተማ ታሪክ ስናስተምር ብዙውን ጊዜ የምንጀምረው ከመሥራቹ ስም፣ ከቤተ መንግሥቱና በአካባቢው ከተካሄዱት ጦርነቶች ነው። ይህ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ሌላም ልናነሳው የሚገባ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የከተማው ነዋሪ ጧት ከቤቱ ወጥቶ ሥራው ቦታ የሚደርሰው በምንድን ነው? ማታስ በምን ይመለሳል? የሚለው ነው። ጥያቄው ተራ ቢመስልም መልሱ ብዙ ይናገራል። ማን የት እንዲኖር እንደ ተፈቀደለት፣ ማን ለማን እንደሚሠራና የከተማውን ገንዘብ ማን እንደሚያዝበት ያሳያል። በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ጥያቄ ይዘን ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋር ወደሚገናኝበት ወደ ጎረቤታችን የሱዳን ዋና ከተማ እንሻገራለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገነዘብልን።

አንድ ከተማ ወይስ ሦስት?

ካርቱም ብለን በአንድ ስም ብንጠራትም በእርግጥ ሦስት ከተሞች ናት። በሁለቱ ወንዞች መካከል ካርቱም፣ ከነጭ ዓባይና ከዋናው ዓባይ በስተ ምዕራብ ኦምዱርማን፣ ከጥቁር ዓባይ በስተ ሰሜን ደግሞ ባሕሪ የሚባለው ሰሜን ካርቱም ይገኛሉ። እያንዳንዳቸው የተወለዱበት ምክንያት ልዩ ልዩ ነው።

ካርቱም በ1820ዎቹ የቱርክና የግብፅ ጦር የሰፈረባት ቦታ ነበረች። በጥር 1885 የማህዲ ሠራዊት ከተማዋን ሲይዝ ጀኔራል ጎርደን ተገደለ፤ ከዚያም አዲሱ መንግሥት መናገሻውን ወደ ኦምዱርማን አዛወረ። ማህዲ በዚያው ዓመት ሲሞት ኸሊፋ አብዱላሂ ኦምዱርማንን አስፋፍቶ ታላቅ የሱዳናውያን ከተማ አደረጋት። በመስከረም 1898 በከረሪ ጦርነት የማህዲስቶች ኃይል ከተሰበረ በኋላ እንግሊዞች ካርቱምን እንደገና ገነቧት። መሥሪያ ቤቶቹ፣ ቤተ መንግሥቱና በ1902 የተከፈተው የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ የተሠሩት እዚያ ነው። ሰሜን ካርቱም ደግሞ የባቡር፣ የመርከብ መጠገኛና የወርክሾፕ ሰፈር ሆነች።

እንግዲህ ቢሮው በአንድ በኩል፣ የሕዝቡ መኖሪያና ትልቁ ገበያ በሌላ በኩል፣ ወርክሾፑ በሦስተኛ በኩል ሆነ። በመካከላቸው ሁለት ታላላቅ ወንዞች አሉ። ኦምዱርማን የሚያድር ጸሐፊ፣ ተላላኪ ወይም ግንበኛ እንጀራው ያለው ከወንዙ ማዶ ነበር።

በመጀመሪያ የመጣው የጦር ባቡር

ወደ ካርቱም የደረሰው የመጀመሪያ ሐዲድ ይህን ችግር ለማቃለል የተዘረጋ አልነበረም። እንግሊዞች በ1897 መጀመሪያ ላይ ከዋዲ ሐልፋ ተነሥተው የኑቢያን በረሃ እያቋረጡ ወደ አቡ ሐመድ ሐዲድ መዘርጋት ጀመሩ። ሥራውን የመራው ካናዳዊው መሐንዲስ ፔርሲ ዢሩዋር ነበር። 370 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ይህ መሥመር በዚያው ዓመት ጥቅምት መጨረሻ ላይ አቡ ሐመድ ደረሰ። ዓላማው ወታደር፣ ጥይትና ስንቅ ማጓጓዝ ነበር። ተማሪዎቻችን ልብ ሊሉት የሚገባው፣ የእኛም የምድር ባቡር ሥራ ከጅቡቲ በኩል የተጀመረው በዚሁ በ1897 መሆኑን ነው።

ሐዲዱ በ1899 መጨረሻ ሰሜን ካርቱም ደርሶ ጥቁር ዓባይ ዳር ቆመ። ወንዙን የተሻገረው ከአሥር ዓመት ያህል በኋላ፣ የጥቁር ዓባይ ድልድይ ሲሠራ ነው። ከዚያ ወደ ደቡብ እየገፋ ሴናርንና ኮስቲን አልፎ እስከ ኤል ኦበይድ ዘለቀ። በሌላ በኩል ከአትባራ ወደ ቀይ ባሕር የሚወስደው መሥመር በ1906 ተከፍቶ ነበርና የመሐል አገሩ ምርት ወደ ፖርት ሱዳን የሚወርድበት መንገድ ተዘጋጀ። በ1925 የሴናር ግድብ ተጠናቆ የገዚራ የጥጥ እርሻ በሰፊው ሲጀመር የባቡሩ ዋና ሸክም ጥጥ ሆነ። የጦር ባቡር የነበረው የንግድ ባቡር ሆነ ማለት ነው።

በካርቱም ከተማ ውስጥ ግን ይኸው ሐዲድ ሌላ ነገርም አደረገ። በከተማው ደቡባዊ ዳርቻ ስለሚያልፍ እንደ አጥር ሆነ። ከሐዲዱ ወዲህ በሰፋፊ ጎዳናዎች የተሠራው የሹማምንትና የነጋዴዎች ከተማ ነው፤ ከሐዲዱ ወዲያ «ዴም» የሚባሉት የወዛደሩና የድኻው ሰፈሮች ነበሩ። ከ1949 ጀምሮ በነበሩት ጥቂት ዓመታት የቀድሞዎቹ ዴሞች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ይበልጥ ወደ ደቡብ ወደ አዲሱ ዴም ተዛወሩ። ይህ ሰፈር ለእኛ ባዕድ አይደለም። ከ1974 በኋላ በነበሩት የመከራ ዓመታት አገራቸውን ለቀው ካርቱም ከገቡት ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ብዙዎቹ የተጠጉት በዴም ነበርና።

ትራሙ

ሰውን ወደ ሥራ ማመላለስ የትራም ድርሻ ሆነ። በ20ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያዎቹ ዓመታት በካርቱም በእንፋሎት የሚጎተት ትራም ተጀመረ። ነገር ግን በነጭ ዓባይ ላይ ድልድይ ስላልነበረ ሐዲዱ ወንዙ ዳር ሲደርስ ያበቃል፤ የኦምዱርማን ሰው ከትራሙ ወርዶ በጀልባ መሻገር ነበረበት። ጧት አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ።

ለውጡ የመጣው በ1920ዎቹ ነው። በ1925 የመብራት፣ የውሃና የትራም አገልግሎት በውል ለእንግሊዝ ኩባንያዎች ተሰጠና የሱዳን መብራትና ኃይል ኩባንያ ተቋቋመ። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ካርቱምን ከኦምዱርማን የሚያገናኘው የነጭ ዓባይ ድልድይ ተሠራ። የዓሥርቱ ዓመታት መጨረሻ ሲደርስ በኤሌክትሪክ የሚሄደው ትራም ድልድዩን እየተሻገረ ሁለቱን ከተሞች ያገናኝ ጀመር። በሰሜን በኩል የጥቁር ዓባይ ድልድይ፣ በምዕራብ በኩል የነጭ ዓባይ ድልድይ ስለተሠሩ ሦስቱ ከተሞች በታሪካቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በእግርና በሐዲድ ተያያዙ።

የዚህ ትርጉም ምንድን ነው? ቅኝ ገዥው መንግሥት ሦስቱን ከተሞች በአሠራሩ ለያይቷቸው ነበር፤ የዕለት ጉዞ ግን አንድ አደረጋቸው። የኦምዱርማን ልጅ ካርቱም ትምህርት ቤት ገብቶ ማታ በእናቱ ቤት ማደር ቻለ። ነጋዴው በአንዱ ገዝቶ በሌላው መሸጥ ቻለ። በ1956 ሱዳን ነፃ ስትወጣ በተደረገው ቆጠራ የሦስቱ ከተሞች ሕዝብ በድምሩ 245 ሺህ ያህል ነበር፤ ከሦስቱም ብዙ ሕዝብ የነበራት ኦምዱርማን ነበረች። ይህ ሁሉ ሕዝብ እንደ አንድ ከተማ ሕዝብ ሊቆጠር የቻለው በድልድዮቹና በላያቸው በሚያልፈው መጓጓዣ ምክንያት ነው።

የጃፓን ምሳሌ

ነገሩን ለማመዛዘን ወደ ሩቅ ምሥራቅ ጥቂት እንመልከት። ጃፓን የመጀመሪያውን የባቡር መሥመሯን በቶኪዮና በዮኮሐማ መካከል የከፈተችው በ1872 ነው። በሁለቱ የሐዲድ ብረቶች መካከል የነበረው ስፋት 1067 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የሱዳንም ሐዲድ ስፋት ልክ ይኸው ነው። የእኛ አሮጌው የጅቡቲ መሥመር ግን 1000 ሚሊ ሜትር ነበር። ስለዚህ ሱዳንና ጃፓን በሐዲድ ስፋት ተመሳሳይ ሆነው ሳለ በአጠቃቀም የተለያዩት ለምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ይገባል።

በ1910 በኦሳካ ከተማ ዳርቻ አንድ የኤሌክትሪክ ባቡር ኩባንያ ሥራ ጀመረ፤ በኋላ ሐንኪዩ የተባለው ነው። መሥመሩ የሚያልፈው ሰው ባልበዛበት ገጠር በመሆኑ ተሳፋሪ ከየት ይገኛል የሚል ሥጋት ነበር። ሥራውን ይመራ የነበረው ኢቺዞ ኮባያሺ ግን ከሐዲዱ ዳር መሬት ገዝቶ ቤት እየሠራ ደመወዝተኞች በየጊዜው በሚከፈል ዋጋ እንዲገዙ አደረገ። ቤቱን የገዛው ሰው በየዕለቱ ተሳፋሪ ሆነ። በመሥመሩ ጫፍ በታካራዙካ መዝናኛና በ1914 ትርዒት ያቀረበ የልጃገረዶች የመዝሙር ቡድን፣ በሌላው ጫፍ በኡሜዳ ጣቢያ በ1929 ትልቅ መደብር ከፈተ። በዚህ ዓይነት ባቡሩ ጧት ሠራተኛን፣ በበዓል ቀን ቤተሰብን ያመላልሳል፤ ከቤቱና ከመደብሩ የሚገኘው ትርፍ ሐዲዱን ያድሳል። በቶኪዮም ከተማዋን የሚዞረው የያማኖቴ መሥመር ክቡ የተዘጋው በ1925 ነበር፤ የካርቱም የመብራትና የትራም ውል በተፈረመበት ዓመት መሆኑ ነው።

ኮባያሺ ነጋዴ ነበርና ያሰበው ለትርፉ ነው። ይሁን እንጂ ትርፉ የነዋሪው ኑሮ በሐዲዱ ዳር ከመደላደሉ ጋር የተሳሰረ ነበር። በካርቱም የዚህ ዓይነት ትስስር አልነበረም። ረጅሙ ባቡር ለጥጥ፣ ትራሙ ለውጭ ኩባንያ ሒሳብ ይሠራ ነበር። ዴሞቹ ወደ ደቡብ ሲገፉና ከተማው ሲሰፋ ሐዲዱን ከአዲሶቹ ሰፈሮች ጋር አብሮ የሚያሳድግ ኃላፊ አልተገኘም።

ሐዲዱ ሲነሣ

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ የካርቱም ትራም ሥራውን አቆመ። በዚያ ዘመን በብዙ አገሮች የሆነው ይኸው ነበር። አውቶቡስና ታክሲ ሐዲድ አይሹም፤ ዛሬ ገዝቶ ነገ ማሰማራት ይቻላል። ትራም ግን ሐዲዱን፣ ሽቦውንና ወርክሾፑን በየጊዜው የሚያድስለት ይፈልጋል። በአንጻሩ በ1863 የተጀመረው የአሌክሳንድሪያ ትራም ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ መቆየቱን ስናይ፣ የካርቱሙ መቅረት ግድ እንዳልነበረ እንረዳለን።

ከተማው ግን ማደጉን አላቆመም። በ1966 ኦምዱርማንን ከሰሜን ካርቱም የሚያገናኘው የሻምባት ድልድይ ተሠራ፤ በ2008 ቆጠራም የካርቱም ክፍለ ሀገር ሕዝብ ከ5 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር። ይህን ሁሉ ሰው ያመላልሱ የነበሩት ሐፍላ የሚባሉት አውቶቡሶች፣ አምጃድ የሚባሉት ትናንሽ መኪኖችና ባለ ሦስት እግር ሪክሻዎች ናቸው። በሺህ የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ሐዲድ ያለው አገር ዋና ከተማ ሠራተኛውን በሐዲድ ማመላለስ ተሳነው። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረታችን ከወንዙ ዳር እንዲህ ሆኖ ተፈጸመ።

ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ጦርነት በተነሣ ጊዜ ሦስቱ ከተሞች እንደገና ሦስት ሆኑ። ድልድዮቹ የውጊያ ግንባር ሆኑ፤ የሻምባት ድልድይም በኅዳር 2023 ፈረሰ። በአንዱ ዳርቻ ያለ ልጅ በሌላው ዳርቻ ያሉ ወላጆቹን ለማየት የማይችልበት ጊዜ መጣ። ከተማን አንድ የሚያደርገው የዕለት መመላለስ መሆኑ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ለእኛ የሚሰጠው ትምህርት

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በመስከረም 2015 በቃሊቲና በምኒልክ አደባባይ መካከል፣ በኅዳር ደግሞ በአያትና በጦር ኃይሎች መካከል ሥራ ሲጀምር 41 ባቡሮች ነበሩት። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ በመለዋወጫ ዕቃ እጦት ብዙዎቹ መቆማቸው ተሰማ። በአንዳንድ ቦታም ሐዲዱ ከዳር እስከ ዳር ታጥሮ እግረኛውን ከማዶ ሰፈር ለይቶታል። እነዚህ ሁለት ነገሮች፣ የዕድሳት ማነስና ሐዲድ አጥር መሆኑ፣ በካርቱም ታሪክ ያየናቸው ናቸው። ሐዲድ መዘርጋት የአንድ ጊዜ ሥራ ነው፤ ማቆየት ግን የየዓመቱ ነው። ለማቆየትም የሚተጋው ኑሮው ከሐዲዱ ጋር የተሳሰረ ወገን ነው።

የታሪክና የጂኦግራፊ መምህራን ይህን ጉዳይ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሊያስተምሩት ይችላሉ። ተማሪዎች በመጀመሪያ የሦስቱን ከተሞችና የሁለቱን ወንዞች ንድፍ ካርታ ይሣሉ፤ ድልድዮቹን ከነዓመታቸው ያስገቡ። ቀጥሎም የራሳቸውን ከተማ ወይም ወረዳ ሥለው ሥራው፣ ገበያው፣ ትምህርት ቤቱና መኖሪያው የት የት እንደሆኑ ያመልክቱ። በመጨረሻ ወላጆቻቸው ጧት በየትኛው መንገድ እንደሚሄዱ በቀይ መሥመር ያሥምሩ። ቀዩ መሥመር የሚቋረጥበት ቦታ ላይ ቆመው ለምን ተቋረጠ ብለው ሲጠይቁ፣ የካርቱም ትራም ታሪክ የእነርሱም ታሪክ መሆኑን ይረዳሉ።