የአቃባ ባሕረ ሰላጤና አራቱ ጎረቤቶች

በሬዲዮ ያሰማናችሁን ይኸው በጽሑፍ አቅርበንላችኋል። ቀስ እያላችሁ አንብቡት።

እስቲ ሁለት ጣቶቻችሁን ከፍታችሁ ወደ ላይ አቁሙ። መዳፋችሁ ቀይ ባሕር ነው እንበል። ቀይ ባሕር ወደ ሰሜን ሄዶ ሄዶ እንዲህ ለሁለት ይከፈላል። የግራው ጣት የስዊዝ ባሕረ ሰላጤ ነው። የቀኙ የአቃባ ነው። በመካከላቸው ያለው ምድር ሲና ይባላል። ባሕረ ሰላጤ ማለት ወደ የብስ ዘልቆ የገባ ባሕር ነው።

የዛሬው ወሬያችን ስለ ቀኙ ጣት ነው። ጠባብ ነው፤ ሰፋ በሚልበት ቦታ እንኳ 30 ኪሎ ሜትር አይሞላም። በዚህች ውሃ ዙሪያ አራት አገሮች ተቀምጠዋል፤ በምዕራብ ግብፅ፣ በሰሜን ጫፍ እስራኤልና ዮርዳኖስ፣ በምሥራቅ ሳዑዲ ዓረቢያ። ንጉሥ ሰሎሞን መርከብ ያሠራባት ዔጽዮንጋብር በዚሁ በኩል እንደነበረች መጽሐፍ ቅዱስ ይናገራል።

ዮርዳኖስ ከአቃባ ሌላ የባሕር በር የላትም። ዳርቻዋ ጠበባት። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1965 ከሳዑዲ ዓረቢያ ጋር መሬት ተለዋወጠች። ሰፊ በረሃ ሰጠችና ከአቃባ በስተደቡብ ያለውን ዳርቻ ተቀበለች። ዛሬ ያላት ዳርቻ ያም ተጨምሮ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይኸ ሁሉ ለዚህ ነው ወይ አትበሉ! የባሕር በር ማጣት ምን እንደሆነ እኛም እ.ኤ.አ. ከ1993 ወዲህ አይተነዋል።

የባሕረ ሰላጤው መግቢያ ቲራን የሚባል ጠባብ መተላለፊያ ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 1967 የግብፁ ፕሬዚዳንት ጋማል አብደል ናስር ይህንን በር በእስራኤል መርከቦች ላይ ዘጉት። ጁን 5 ቀን ጦርነት ተነሳ። ስድስት ቀን ቆየ። እስራኤል ሲናን በሙሉ ያዘች።

ግብፅና እስራኤል እ.ኤ.አ. በ1979 ታረቁ። በ1982 የእስራኤል ጦር ከሲና ወጣ። ጣባ ብቻ ቀረች። ጣባ ከእስራኤሉ ወደብ ከኤላት አጠገብ ያለች፣ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የምትሆን ቁራሽ መሬት ናት። ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር በድንበር ድንጋይ ሲሟገት አይታችሁ የለም? ያው ነው። ድንበሩን እ.ኤ.አ. በ1906 ያሰመሩት ቱርኮችና ያኔ ግብፅን ይዘው የነበሩት እንግሊዞች ናቸው። ምልክቶች ተተክለው ቁጥር ተሰጥቷቸው ነበር። ታዲያ የመጨረሻው፣ 91ኛው፣ የት ነበር የቆመው? ግብፅ እዚህ ስትል እስራኤል እዚያ አለች። አምስት ዳኞች ተሰየሙ። የድሮ ካርታና ፎቶግራፍ ሁሉ ተገላበጠ። እ.ኤ.አ. በ1988 አራቱ ለግብፅ ፈረዱ፣ አንዷ ተቃወመች። በ1989 ጣባ ለግብፅ ተመለሰች።

ዮርዳኖስና እስራኤልም በ1994 ታረቁ። አቃባና ኤላት በጣም ቅርብ ናቸው፤ ማታ አንዱ የሌላውን መብራት ያያል።

በመግቢያው ላይ ያሉት ደሴቶች፣ ቲራንና ሰናፊር፣ ነገር አላጡም። እ.ኤ.አ. በ2016 የግብፅ መንግሥት ደሴቶቹ ለሳዑዲ ዓረቢያ እንዲሆኑ ተስማማ። ብዙ ግብፃውያን ተቆጥተው ሰልፍ ወጡ፤ ፍርድ ቤትም ሄዱ። ፓርላማው ግን በ2017 ስምምነቱን አጸደቀው።