ፀረ-ተባይ ኬሚካል፣ ኩላሊትና የመድኃኒት ዕፅዋት በአይጥ ሙከራ

ፀረ-ተባይ ኬሚካሎች ኩላሊትን እንዴት እንደሚጎዱ፣ የመድኃኒት ዕፅዋት ጭማቂም ጉዳቱን መግታት ይችል እንደሆነ በቤተ ሙከራ አይጦች ላይ በስፋት ይጠናል። አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጡት ኦርጋኖፎስፌት የሚባሉት ናቸው፦ ክሎርፒሪፎስ፣ ዲያዚኖን፣ ማላቲዮን። ነፍሳትን የሚገድሉት አሴቲልኮሊንኤስተሬዝ የተባለውን ኢንዛይም አግደው ነርቭን በማወክ ነው፤ ጉዳታቸው ግን በነርቭ አያበቃም። ልብ ከሚረጨው ደም አንድ አምስተኛ ያህሉ ወደ ኩላሊት ይሄዳል፤ ጉበት የሰባበረው የኬሚካሉ ቅሪትም በሽንት የሚወጣው በዚያው ነው። የኩላሊት ቱቦዎች ህዋሳት በሚቶኮንድሪያ የተሞሉ በመሆናቸው ፍሪ ራዲካል የተባሉት ህዋስን የሚጎዱ ሞለኪውሎች ሲበዙ ቀድመው ይጎዳሉ።

የተለመደው ሙከራ አይጦቹን በአራት ይከፍላል፦ ምንም ያልተሰጣቸው፣ ፀረ-ተባይ ብቻ፣ ጭማቂ ብቻ፣ ሁለቱንም የሚወስዱ። መጠኑ በቀጭን ቱቦ በቀጥታ ወደ ጨጓራ ይገባል። ከሳምንታት በኋላ ደማቸው ይመረመራል፤ ኩላሊታቸው በስሱ ተቆርጦ፣ ቀለም ነክቶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። መርዙን ብቻ በወሰዱት ላይ ኩላሊት ከደም የሚያጣራቸው ክሬአቲኒንና ዩሪያ ይጨምራሉ፣ ህዋሳቱን ከፍሪ ራዲካል የሚጠብቀው ግሉታታይዮን ይቀንሳል፤ ደም የሚያጣሩት ግሎሜሩለሶች ተኮማትረው፣ የቱቦዎቹ ህዋሳት በውስጣቸው ባዶ ክፍተት አበጅተው ይገኛሉ። ጥቁር አዝሙድ፣ እርድ ወይም ሽፈራው የተጨመረላቸው አይጦች ደግሞ በብዙዎቹ ጥናቶች ወደ ጤናማዎቹ የቀረበ ውጤት ያሳያሉ። ይህ ጠቃሚ ግኝት ነው፤ የፍሪ ራዲካል መብዛት የጉዳቱ አንዱ መንገድ መሆኑን ያጠናክራል። ዕፅዋቱ የተጎዳ ኩላሊት ያድናሉ ለማለት ግን አያበቃም። አብዛኛውን ጊዜ ጭማቂው የሚሰጠው ከመርዙ በፊት ወይም አብሮ ነውና የሚለካው መከላከል እንጂ ማዳን አይደለም። መጠኑም ሰው ከሚያጋጥመው የራቀ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የምግብና እርሻ ድርጅት ባለሙያዎች ሰው በየቀኑ ቢወስደው ችግር አያመጣም ያሉት የክሎርፒሪፎስ መጠን በኪሎ ክብደት እስከ 0.01 ሚሊግራም ነበር፤ አይጦቹ 5 ሚሊግራም ሲሰጣቸው 500 እጥፍ ይሆናል። በጭማቂው በኩል፣ በኪሎ 400 ሚሊግራም የወሰደ አይጥ በተለመደው የሰውነት ስፋት ስሌት ሲመነዘር 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በየቀኑ 4 ግራም ያህል ደረቅ ጭማቂ እንደመውሰድ ነው። ወጥ ላይ ከሚነሰነሰው ቅመም ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ዕፅዋቱ ከጥንት ጀምሮ በሰው እጅ ያሉ ናቸውና ጉዳት የላቸውም የሚል መከራከሪያ ይቀርባል። በምግብ መጠን ለለመድናቸው ቅመሞች ያስኬዳል፤ ለተከማቸ ጭማቂ ግን አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ1993 የቤልጅየም ሐኪሞች ክብደት ለመቀነስ የቻይና ዕፅ የያዘ እንክብል የወሰዱ ሴቶች ኩላሊታቸው በፍጥነት መድከሙን አሳወቁ። አንዱ ዕፅ በሌላ ተተክቶ ስለነበር እንክብሉ ውስጥ አሪስቶሎኪክ አሲድ ገብቷል፤ ብዙዎቹ ለዲያሊሲስ ወይም ለንቅለ ተከላ ተዳርገዋል።

የአይጥ ኩላሊት እንደ ሰው አይደለም የሚለው ተቃውሞ ይበልጥ ክብደት አለው። ከብርቱካን ልጣጭ የሚገኘው ሊሞኒን የወንድ አይጥን ኩላሊት ይጎዳል፤ ምክንያቱ ግን በወንድ አይጥ በብዛት የሚመረት፣ በሰው ላይ የሌለ ፕሮቲን ነው። ስለዚህ በወንድ አይጥ ብቻ የተገኘ ውጤት በሴቶቹም ሊፈተሽ ይገባል። ክሬአቲኒንም ዘግይቶ የሚናገር መለኪያ ነው፤ የኩላሊት አቅም ወደ ግማሽ እስኪወርድ ድረስ ከወትሮው መጠን ብዙም ላይወጣ ይችላል። የቱቦ ጉዳትን ቀድሞ የሚጠቁመውን ኪም-1 የተባለ ፕሮቲን ከአይጥ ሽንት መለካት የአሜሪካና የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ለቅድመ ሰው ሙከራዎች ተቀብለውታል። ጉዳቱ በዚህ መለኪያ ከተረጋገጠ በኋላ የተጀመረ ጭማቂ ኩላሊቱን ወደ ቀድሞው ከመለሰው፣ ያኔ ስለ ፈውስ መናገር ይቻላል።