ሚዛን የሚመሰክረውና የማይመሰክረው፤ የሰውነት ክብደት መለዋወጥ አጭር ታሪክ

ክብደቱን ለመቀነስ የቈረጠ ሰው ብዙ ጊዜ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ይገጥመዋል። ትናንት ምግቡን መጥኖ በልቶ፣ ረጅም መንገድ በእግሩ ሄዶ፣ በጊዜ ተኝቶ ሳለ፣ ዛሬ ጠዋት ሚዛን ላይ ቢወጣ አንድ ኪሎ ጨምሮ ይገኛል። በአዲስ አበባ ጎዳና ዳር ሚዛን አስቀምጠው መንገደኛ የሚመዝኑ ልጆች እንዲህ ያለውን ፊት ሳያውቁት አይቀሩም። ቍጥሩን ይነግሩታል፣ ሒሳባቸውን ይቀበላሉ፤ ትርጓሜውን ግን የሚነግረው የለም። ሰውዬውም ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ «ልፋቴ ሁሉ ከንቱ ነው» ብሎ የጀመረውን ይተዋል፣ ወይም ራሱን ለመቅጣት ያን ቀን ሳይበላ ይውላል። ሁለቱም ጉዳት ነው፤ ሁለቱም የሚመነጩት ከአንድ የንባብ ስሕተት ነው።

በዚህ አጭር ጥናት ልንመረምር ያሰብነው የዚህን ስሕተት ታሪክ ነው። እኛ የታሪክ ተማሪዎች እንጂ የሕክምና ሊቃውንት አይደለንም። ነገር ግን ሚዛን የሚሰጠው ቍጥር ማስረጃ ነው፤ አንድ ማስረጃ ከየት እንደ መጣና ስለ ምን እንደሚመሰክር መጠየቅ ደግሞ የትምህርታችን ዋና ነገር ነው። ሐሳባችን ባጭሩ ይህ ነው፤ ከትናንት እስከ ዛሬ በሚዛን ላይ የሚታየው ልዩነት በአብዛኛው የውሃና በሆድ ውስጥ ያለ ምግብ ልዩነት ነው፤ የስብን መቀነስ የሚያሳየው የብዙ ሳምንታት መዝገብ ነው። የሰው ልጅ ይህን ለመረዳት ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

፩. የፓዱዋው ሐኪም ወንበር

ሳንቶሪዮ ሳንቶሪዮ በ1561 ዓ.ም. ዛሬ በስሎቬንያ በምትገኘው በኮፐር ከተማ ተወለደ፤ ከተማይቱ በዚያ ዘመን የቬኒስ ሪፐብሊክ ግዛት ነበረች። በፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምሮ፣ ከ1611 እስከ 1624 በዚያው ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በዘመኑ የነበሩት ሐኪሞች በአብዛኛው የጥንት መጻሕፍትን ቃል ሲተረጕሙ፣ እርሱ ሰውነትን በቍጥር ለመለካት ተነሣ። ረጅም ዘንግ ካለው ሚዛን ላይ ወንበር አንጠልጥሎ፣ የሚበላውንና የሚጠጣውን፣ ከሰውነት የሚወጣውንም ሁሉ ለብዙ ዓመታት መዘነ።

ከዚህም አንድ እንግዳ ነገር አገኘ። ወደ ሰውነት የሚገባው በዓይን ከሚታየው ወጪ እጅግ ይበልጣል፤ ሰውነቱ ግን በዚያው ልክ አይከብድም። ቀሪው በማይታይ ላብ ይሄዳል ሲል ደመደመ። በ1614 ባሳተመው በዝነኛው መጽሐፉ፣ አንድ ሰው በቀን ስምንት ፓውንድ ምግብና መጠጥ ቢወስድ አምስቱ ፓውንድ ያህል በዚህ በማይታይ መንገድ ሊወጣ እንደሚችል ገለጠ። በዚያው መጽሐፍ ለጥናታችን ይበልጥ የሚጠቅም ሌላ አስተያየት አለ። ጤነኛና በልኩ የሚበላ ወንድ እንኳ በወር ውስጥ ከልማዱ አንድ ወይም ሁለት ፓውንድ ጨምሮ፣ በወሩ መጨረሻ ወደ ቀድሞው ይመለሳል ይላል። ይህ የወንዶች ወርኃዊ ሥርዓት ዛሬ እንደ ሕግ አይያዝም። በብዙ ሴቶች ዘንድ ግን ከወር አበባ ዑደት ጋር ውሃ በሰውነት ውስጥ እየተጠራቀመ ክብደት ከፍና ዝቅ እንደሚል የታወቀ ነው። ከሁሉም በላይ ሳንቶሪዮ የጤነኛ ሰው ክብደት እንደ ድንጋይ ክብደት ቋሚ አለመሆኑን፣ መለዋወጡም የበሽታ ወይም የስስት ምልክት ብቻ አለመሆኑን በጽሑፍ አስቀመጠ።

የጐደለው ኬሚስትሪ ነበር። «የማይታይ ላብ» ያለው ነገር ከምን እንደሚሠራ አያውቅም ነበር። በ1790 ገደማ ፈረንሳዊው ላቮአዝዬ ከረዳቱ ከሴጌን ጋር ሆኖ ከቆዳ የሚወጣውን ከሳንባ ከሚወጣው ለይቶ ለመለካት ሞከረ። ሴጌን አየር በማያሳልፍ ከረጢት ተሸፍኖ፣ ለመተንፈሻ ብቻ ቀዳዳ ተትቶለት ይመዘን ነበር። ላቮአዝዬ በ1794 በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ አንገቱ ተቈርጦ ሲሞት ሥራው ቢቋረጥም፣ የሰው ክብደት በእያንዳንዱ እስትንፋስ እንደሚቀንስ ግልጽ ሆኖ ነበር።

፪. የለንደን መዝገቦች

ከሊቃውንቱ ቤት ወጥተን ወደ ገበያ ስንሄድ ሌላ ዓይነት ማስረጃ እናገኛለን። በለንደን በሴንት ጄምስ መንገድ ያለው የቤሪ መደብር ለሸቀጥ ባስቀመጠው ትልቅ ሚዛን ከ1765 ጀምሮ ደንበኞቹን እየመዘነ ክብደታቸውን በመዝገብ ይጽፍ ነበር። ከተመዘኑት አንዱ ባለቅኔው ሎርድ ባይረን ነው። በ1884 ፍራንሲስ ጋልተን ይህን መዝገብ ወስዶ የሦስት ትውልድ መኳንንትን ክብደት መረመረ። የቀደመው ትውልድ ክብደት ከልጅ ልጆቹ ይልቅ አብዝቶ ከፍና ዝቅ ይል እንደ ነበር አገኘ፤ ይህንንም ሥርዓት የጐደለው ኑሮ ምልክት አድርጎ ተረጐመው። ትርጓሜው ሊያከራክር ይችላል። ነገር ግን ጋልተን አንዳች ነገር ለማንበብ የቻለው የብዙ ሰዎችና የብዙ ዓመታት መዝገብ በእጁ ስለ ነበረ ነው። ከዚያ መዝገብ አንዲት መሥመር ብቻ ብትገኝ፣ ሰውዬው ከባድ ካፖርት ለብሶ ይሁን ወይም ገና ከማዕድ ተነሥቶ ይሁን ለማወቅ ባልተቻለ ነበር።

ሁለተኛው የለንደን ሰው ዊልያም ባንቲንግ ነው። የቀብር ሥነ ሥርዓት አዘጋጅ የነበረው ይህ ሰው ከውፍረቱ የተነሣ ጫማውን ለማሰር ይቸገር ነበር። በሐኪሙ ምክር ዳቦ፣ ስኳር፣ ቢራና ድንች ቀንሶ የደረሰበትን ውጤት በ1863 በትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ እጅግ ከመነበቡ የተነሣ ስሙ በእንግሊዝኛ ክብደት ለመቀነስ መጾም ማለት ሆኖ ቀረ። ባሳተመው ሰንጠረዥ በነሐሴ 1862 ክብደቱ 202 ፓውንድ ነበር፤ በመስከረም 1863 ደግሞ 156 ፓውንድ ሆነ። ይህም 46 ፓውንድ፣ ወይም 21 ኪሎ ያህል መቀነስ ነው።

ሰንጠረዡን ያየ ሁሉ የሚደነቀው ቍጥሩ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ላይ ሳይመለስ ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት ፓውንድ እየወረደ መሄዱን ነው። ሰው ይህን አይቶ የራሱን ሚዛን ቢመለከት እኔስ ለምን እንዲህ አልሆንሁም ሊል ይችላል። ነገር ግን ቀኖቹን ብንመረምር ባንቲንግ ያሰፈራቸው ክብደቶች በአብዛኛው በሦስት ሳምንት የሚራራቁ ናቸው። በመካከል የነበሩት ቀኖች በሰንጠረዡ የሉም። በየማለዳው የተመዘነበትን ቢጽፍ ኖሮ፣ በእኛ ግምት፣ መሥመሩ እንደ ማንኛውም ሰው ወጣ ገባ ይሆን ነበር። ሦስት ሳምንት መጠበቁ የውሃውን ማዕበል ሸፈነና የስቡን ጉዞ ገለጠ። የታሪክ ተማሪም ዝም ያለን ማስረጃ በጥርጣሬ እንዲያይ ይህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

፫. ስብ ሲሄድ ውሃ ሲቀር

ምስጢሩ ይበልጥ የተፈታው በ20ኛው መቶ ዓመት ነው። በአሜሪካ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሉዊስ ኒውበርግና የሥራ ባልደረባው ማርጋሬት ጆንስተን በ1930 ጥናታቸውን አወጡ። በዚያ ጊዜ አንዳንድ ሐኪሞች፣ ጥቂት እየበሉ ክብደታቸው አልቀንስ ያለ ወፍራም ሰዎችን አይተው፣ የነዚህ ሰዎች ሰውነት ከሌላው ሰው የተለየ ሕግ ያለው ይመስላቸው ነበር። ኒውበርግ የሚገባውንና የሚወጣውን በጥንቃቄ መዘነ፤ ሳንቶሪዮ ያገኘውን የማይታየውን የክብደት ጉድለትም ሰውነት የሚያቃጥለውን ኃይል ለማወቂያ መለኪያ አደረገው። ውጤቱም ስቡ በስሌቱ መሠረት እየነደደ ሳለ፣ በቦታው ውሃ ስለሚጠራቀም ሚዛኑ ለብዙ ቀናት ባለበት ሊቆም እንደሚችል አሳየ። ኋላም ውሃው ሲለቀቅ ክብደቱ በድንገት ይወርዳል። እንግዲህ ቆመ የተባለው ጉዞ አልቆመም ነበር።

ለዚህ ሌሎች ምክንያቶችም አሉ። ክሎድ ቤርናር በ1857 ከጉበት ለይቶ ያወጣው ግሊኮጅን የተባለው የስኳር ስንቅ፣ በጉበትና በጡንቻ ውስጥ በድምሩ እስከ ግማሽ ኪሎ ያህል ይደርሳል፤ እያንዳንዱ ግራም ደግሞ ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ስለዚህ ምግብ የቀነሰ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት በፍጥነት ሲቀል፣ ከቀለለው ብዙው ይህ ስንቅና ውሃው ነው። አንድ ቀን እንጀራውን ደኅና አድርጎ ሲበላም ስንቁ ከነውሃው ይመለሳል። ጨውም እንደዚሁ ነው፤ ሰውነት የደሙን ጨው በልኩ ለመጠበቅ ሲል ትርፉን ጨው በኩላሊት እስኪያወጣ ድረስ ውሃ ይይዛል።

፬. ሒሳቡ

ነገሩን በቍጥር እንየው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ያህል ኃይል ይይዛል። በየቀኑ ከሚያስፈልገው 500 ካሎሪ የሚያጐድል ሰው በቀን 65 ግራም ያህል ስብ ይቀንሳል። በሌላ በኩል በምግብ፣ በውሃና በጨው ምክንያት ክብደት በአንድ ቀን እስከ አንድ ኪሎ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊለዋወጥ ይችላል። የሚፈለገው ምልክት 65 ግራም ነው፤ ጫጫታው ግን 1,000 ግራም፣ ማለት ዐሥራ አምስት እጥፍ ነው። በአንድ ማለዳ ሚዛን የዕለቱን ፍሬ መፈለግ በገበያ ጫጫታ መካከል ሹክሹክታ ለመስማት እንደ መሞከር ነው። በአንድ ወር ግን ስቡ ወደ ሁለት ኪሎ ይጠጋል፤ ያን ጊዜ ድምፁ ከጫጫታው በላይ ይሰማል። ደግሞም በአንድ ሌሊት አንድ ኪሎ ስብ ለመጨመር ከሚያስፈልግ በላይ 7,700 ካሎሪ መብላት ይጠይቃል፤ ይህን ያላደረገ ሰው ጨመርሁ ብሎ የሚያዝንበት ምክንያት የለውም።

፭. መቃወሚያና መልስ

እንግዲያውስ የዕለት ሚዛን ከንቱ ነውን? አይደለም። ልቡ የደከመ ሕመምተኛ በየቀኑ እንዲመዘን ሐኪሞች ይመክራሉ፤ ምክንያቱም በጥቂት ቀን ውስጥ ክብደቱ በፍጥነት ቢጨምርና እግሩ ቢያብጥ ውሃ መጠራቀሙን ያስታውቃልና ፈጥኖ ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባዋል። ክብደት የሚቀንሰውን ሰው የሚያታልለው ያው ውሃ ለሕመምተኛው የማስጠንቀቂያ ደወል ነው። ቍጥሩ አንድ ነው፤ ጥያቄው ግን ሁለት ነው።

ራስን በረኀብ መቅጣት መፍትሔ አለመሆኑንም ታሪክ ያስተምራል። አንሰል ኪዝ በሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ ከ1944 እስከ 1945 ባካሄደው ጥናት 36 ፈቃደኛ ወጣቶች ለ24 ሳምንታት ከሚበቃቸው እጅግ ያነሰ በልተው ሩብ ያህል ክብደታቸውን አጡ። ከክብደታቸውም ጋር ብርታታቸውና ደስታቸው ሄደ፤ ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ብቻ ሆነ። የሚያስገርመው ከስተው ሳሉ ሰውነታቸው በውሃ ማበጡ ነው። እዚህም ሚዛኑ እውነቱን ሁሉ አልተናገረም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ሃምሳ አምስቱን ቀን ዐቢይ ጾም የጾመ ሰው ከፋሲካ በኋላ ባሉት ቀኖች ቢመዘን የሚያየው ጭማሪ ብዙው ውሃና በሆዱ ያለ ምግብ ነው፤ ወደ ልማዱ ሲመለስ ይሄዳል። ክብደቱን የሚከታተል ሰው ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ በተለይም ጠዋት ሳይበላ ይመዘን፤ የሰባት ቀኑን ደምሮ ለሰባት ያካፍል፤ ያንንም አማካይ ካለፉት ሳምንታት አማካይ ጋር ያስተያይ። እኛ በታሪክ ክፍል አንዲት ደብዳቤ ብቻ አንብበን ስለ አንድ ንጉሥ ዘመን ፍርድ እንዳንሰጥ እንመከራለን። በገዛ ሰውነታችን ላይም በአንድ ማለዳ ቍጥር መፍረድ አይገባንም።