በራሴ እርሳስ የተሣልኩት እኔ

ቤቴ የመጣችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ፤ ሳሎን በር አጠገብ የተሰቀለውን የእርሳስ ሥዕል። የተሣልኩት እኔ ነኝ። የሣለኝ ጎንደር አብረን ሥዕል እናስተምር የነበረው ጓደኛዬ ነው፤ ነፍሱን ይማረው። መምህራን ማረፊያ ቁጭ ብለን ፈተና ስናርም እርሳሴ ጠፍቶኝ ጠረጴዛውን አተራምሳለሁ። እሱ ለካ በዚያው በእኔ እርሳስ፣ በፈተና ወረቀት ጀርባ፣ ተኮሳትሬ ስፈልግ ፊቴን እየሣለው ነበር። ጨርሶ ሰጠኝና «በል አሁን አንተ ሣለኝ» አለኝ። «ነገ» አልኩት።

አርባው ከወጣ በኋላ ሥዕሉን አውርጄ ሳየው ከረምኩ። በዚያው ሌሎች የእርሳስ ሥዕሎች ትዝ አሉኝ።

ጓደኛ ጓደኛውን ስለመሣሉ ከማውቀው ሁሉ ደስ የሚለኝ የለንደኖቹ ታሪክ ነው። ቶማስ ዉልነር የሚባል ቀራፂ ወርቅ ፍለጋ አውስትራሊያ ሄደ። በሚያዝያ 1845 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1853) ሚሌይ፣ ሃንት፣ ሮሴቲና ሌሎች ጓደኞቹ ሚሌይ ስቱዲዮ ተሰብስበው በእርሳስም በጠመኔም እርስ በርስ ተሣሣሉ፤ ለዉልነር እንዲላክለት። ፎቶግራፍ እኮ በዚያ ዘመን ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ ከመልካቸው ጋር እጃቸውም እንዲደርሰው ፈልገው ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ሁልጊዜ ሁለት ሰው አለ፤ የአንዱ ፊት፣ የሌላው እጅ።

በዚያው ጊዜ በእኛም ሰሜን ተራሮች ላይ እርሳስ የያዘ ሰዓሊ ነበር። ኤድዋርድ ዛንደር ይባላል፤ ጀርመናዊ ነው። በ1839 ዓ.ም. ገደማ መጥቶ ለደጃዝማች ውቤ አደረ፤ ያየውን በእርሳስና በውሃ ቀለም ይሥል ነበር። የደረስጌ ማርያም ሥራ ላይም እጁ አለበት። ውቤ ቤተ ክርስቲያኗን ለራሱ ንግሥ ያዘጋጃት ነበር ይባላል። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ግን እዚያው የነገሠው ያሸነፈው ካሣ ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብሎ። ዛንደርም ለአዲሱ ንጉሥ አደረ፤ መጨረሻው መቅደላ ሆነ። አምባው በተያዘበት ዓመት እሱም ሞተ።

መቅደላ ላይ ደግሞ ሌላ እርሳስ አለ። ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣ፣ የብሪቲሽ ሙዚየም ሠራተኛ፣ ሪቻርድ ሆምስ። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ራሳቸውን ከገደሉ በኋላ ሆምስ አስከሬኑ አጠገብ ሆኖ ፊታቸውን ሣለ። አሣሣሉ መጥፎ አይደለም፣ እጁ ይችላል፤ ለተማሪዎቼም ይህንኑ ብዬ አሳይቼዋለሁ። ነገር ግን የጎንደር ነገሥታት የሚምሉበትን፣ ሲዘምቱ ይዘውት የሚወጡትን፣ ከቴዎድሮስ አልጋ በላይ ተሰቅሎ የነበረውን ኵርዓተ ርእሱን ይዞ የሄደውም ይኸው ሰው ነው። ለላከው ሙዚየም እንኳን አላስረከበውም፤ ለራሱ አስቀረው። እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

እዚያም ወረቀት ላይ ሁለት ሰው አለ። እጁ ሌላ ምን እንዳነሣ ካወቅኩ ወዲህ የንጉሡን ፊት ብቻውን ማየት አቅቶኛል። (ይህንን ክፍል ውስጥ ሳልነግራችሁ በመቅረቴ ይቅርታ፤ ያኔ ስለ ጥላና ብርሃን ብቻ ነበር የማወራው።)

የጓደኛዬ እጅ እንግዲህ ግድግዳዬ ላይ አለ። ፊቱ ግን የትም የለም። ለአርባው ከመታወቂያው ላይ ጉርድ ፎቶውን አሳድገው ነው የሰቀሉት፤ እሱን አይመስልም። ሰሞኑን ከትዝታ ልሥለው ሞከርኩ። ዓይኑ እሺ ብሎ ይመጣል። አፉ ላይ ስደርስ ስፍቅ፣ ስፍቅ፣ ወረቀቱ ተበሳ።

ያስተማራችሁ ልጆች፣ ማንን እንደምል ታውቃላችሁ። ለምረቃም ይሁን ለሽርሽር አብራችሁት የተነሣችሁት ፎቶ ካላችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ቢደበዝዝም ግድ የለም። ሲስቅ ከሆነ ደግሞ በጣም ጥሩ፤ ያስቸገረኝ አፉ ነው።