ዋና ቆጣሪና ንዑስ ቆጣሪ፦ የኒውዮርክ ባለሕንፃዎችና የኤሌክትሪክ ሒሳብ

በአንድ ሕንፃ ውስጥ መቶ ቤተሰብ ቢኖርና ኤሌክትሪኩ የሚገባው በአንድ ዋና ቆጣሪ ቢሆን፣ ሒሳቡ በመቶው ላይ እንዴት ይደልደል? ጥያቄው ከምሕንድስና ይልቅ የዳኝነት ጥያቄ ይመስላል። በኒውዮርክ ከተማ ግን ሁለቱም ነበረ። የግዛቱ ተቆጣጣሪ አካል ሠላሳ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አንዱን ደንብ አጽድቆ መልሶ ፈትቶታል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የኤዲሰን የፐርል ጎዳና ማመንጫ በመስከረም 1882 ሥራ ሲጀምር ፍጆታን የሚለካ አስተማማኝ ቆጣሪ ገና አልነበረም። ኤዲሰን ለዚሁ ብሎ የሠራው መሣሪያ ኬሚካዊ ነበር። ከጅረቱ ጥቂቱ ክፍል በዚንክ ውሕድ ውስጥ በተነከሩ ሁለት የዚንክ ሳህኖች መካከል እንዲያልፍ ይደረግና፣ በየጊዜው ሳህኖቹ ወጥተው ይመዘናሉ፤ በሚዛኑ ልዩነትም ሒሳቡ ይወጣል። ደንበኛው ቆጣሪውን ማንበብ ስለማይችል የኩባንያውን ሚዛን ከማመን በቀር ሌላ ምርጫ አልነበረውም። በ1888 የሻለንበርገር፣ በ1889 ደግሞ የኤሊሁ ቶምሰን የሚሽከረከሩ ቆጣሪዎች ከወጡ በኋላ ግን መለካት ቀላል ሆነ። ቆጣሪ ማንኛውም ባለሀብት ገዝቶ ሊሰቅለው የሚችል ዕቃ ሲሆን፣ ባለሕንፃውም ከኩባንያው ዋና ቆጣሪ ኋላ የራሱን ንዑስ ቆጣሪዎች በየቤቱ በር ላይ መስቀል ቻለ።

ይህን ለማድረግ ምን አተጋው ቢባል፣ መልሱ ያለው በታሪፉ አወጣጥ ላይ ነው። ለአንድ ደንበኛ መስመር ለመዘርጋት፣ ቆጣሪ ለማንበብና ሒሳብ ለማዘጋጀት የሚወጣው ወጪ ደንበኛው ብዙ ተጠቀመም ጥቂት ብዙ አይለያይም። ስለዚህ ኩባንያዎቹ ፍጆታው እየጨመረ ሲሄድ የኪሎዋት ሰዓቱን ዋጋ ዝቅ ያደርጉ ነበር። ለማስረዳት ያህል፣ ባለሕንፃው ኪሎዋት ሰዓቱን በ3 ሴንት በጅምላ ገዝቶ በ5 ሴንት ቢቸረችረውና መቶ ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው በወር 60 ኪሎዋት ሰዓት ቢጠቀሙ፣ ከ6,000 ኪሎዋት ሰዓት ላይ 120 ዶላር ይተርፈዋል። ተከራዩ ለኩባንያው በቀጥታ ቢከፍል ከሚያወጣው በላይ ስላልከፈለ የተበደለ አይመስልም። ነገር ግን ባለሕንፃው የኤሌክትሪክ ሻጭ ሆኖ ሳለ በኤሌክትሪክ ሻጭ ላይ የተጣለው ቁጥጥር አይደርስበትም ነበር። ቆጣሪው ቢፈጥን ማን ይመረምረዋል? በኪራይ ጠብ ምክንያት መብራቱ ቢቆረጥስ አቤቱታው ለማን ይቀርባል?

እዚህ ላይ የአዲስ አበባ አንባቢ የራሱን ግቢ ማስታወሱ አይቀርም። በአገራችን ታሪፉ የተሠራው በተቃራኒው ነው። በ2018 በወጣው ታሪፍ ዝቅተኛው የመኖሪያ ቤት እርከን እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ያለው ሲሆን፣ ፍጆታው ሲጨምር ዋጋው ይጨምራል። በየግላቸው 40 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀሙ አምስት ተከራዮች በአንድ ቆጣሪ ሲገናኙ 200 ይሆኑና ከዝቅተኛው እርከን ያልፋሉ። በኒውዮርክ አንድነቱ ትርፍ ሲያስገኝ በእኛ ዘንድ ዕዳ ያመጣል፤ ጠቡም ዞሮ ዞሮ ምጣድ ባላት ሴት ላይ ያርፋል።

ወደ ኒውዮርክ እንመለስ። በ1951 የግዛቱ የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን፣ ኮን ኤዲሰን የተባለው ኩባንያ በመኖሪያ ሕንፃዎች ውስጥ ኤሌክትሪክ በንዑስ ቆጣሪ ተቸርችሮ እንዳይሸጥ ያወጣውን የታሪፍ ክልከላ አጸደቀ። ባለሕንፃዎች ተቃውመው ክርክሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ካምፖ በተባለው ድርጅት ስም በሚታወቀው መዝገብ በ1952 የተሰጠው ፍርድ ኮሚሽኑን ደገፈ።

ክልከላው የያዘው መልሶ መሸጥን እንጂ አንድ ዋና ቆጣሪ መያዝን አልነበረም። ለእያንዳንዱ ቤት የኩባንያውን ቆጣሪ ማስገባት የሽቦ መስመሮችን መለወጥ ይጠይቃል፤ ይህም ብዙ ገንዘብ ነው። በመሆኑም አያሌ ባለሕንፃዎች ኤሌክትሪኩን ከኪራዩ ጋር ደምረው አንድ ዋጋ መጠየቅን መረጡ። እንዲህ ባለው ሕንፃ ውስጥ የሚኖር ሰው የቆጣሪ ፊት አያይም፣ መብራት ማጥፋትም ለኪሱ አይጠቅመውም። በየመስኮቱ የአየር ማቀዝቀዣ መሰቀል በተለመደበት ዘመን ደግሞ ማንም ያልተጠየቀበት ጭነት በመስመሩ ላይ ይከመር ጀመር። የደንቡ ትልቁ ጉድለት ይህ ይመስላል፦ አንዱን በደል ሲከላከል ሌላውን፣ ማለት ብክነትን፣ ሳያስበው ደገፈ።

ነዳጅ ርካሽ እስከሆነ ድረስ ማንም አላጉረመረመም። ከ1973 የነዳጅ ቀውስ በኋላ ግን ጊዜው ተለወጠ። ኮን ኤዲሰን ከፍተኛ መጠን ያለው ዘይት የሚያነድ ኩባንያ ስለነበረ ዋጋው እጅግ ናረ፤ በ1974ም ለባለአክሲዮኖቹ የሚከፍለውን የትርፍ ድርሻ አስቀረ። ኪራይ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር በሆነባቸው ሕንፃዎች ባለሕንፃው ጭማሪውን የሚጥልበት ስፍራ ቸገረው። ኮሚሽኑ በ1976 በአዳዲስ ሕንፃዎች ኤሌክትሪክን ከኪራይ ጋር መደመርን ከለከለ። በኅዳር 1978 ደግሞ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ባወጣው የኃይል ሕግ፣ ግዛቶች በአዳዲስ ሕንፃዎች የጋራ ዋና ቆጣሪን መከልከልን ወይም መገደብን እንዲመረምሩ አዘዘ። በመጨረሻም በ1979 ንዑስ ቆጣሪ በቅድመ ሁኔታ ተፈቀደ። ከቅድመ ሁኔታዎቹ ዋናው፣ ተከራዩ ለኩባንያው በቀጥታ ቢከፍል ከሚደርስበት ዋጋ በላይ አይጠየቅ የሚል ነበር።

ጣሪያው መልካም ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ቀድሞ መብራቱ በኪራዩ ውስጥ የነበረለት ሰው አሁን ለብቻው ሲከፍል ኪራዩ ካልቀነሰለት ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው። ስለዚህ ኪራያቸው ቁጥጥር ለሚደረግባቸው ቤቶች ኤሌክትሪኩ ከኪራይ ሲወጣ የሚቀነሰውን ሒሳብ የሚወስን ሠንጠረዥ ተዘጋጀ። በ1981 የወጣው የመኖሪያ ቤት ደንበኞች መብት ሕግ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ መቁረጥን የመሰሉ ድርጊቶችን ሲከለክል በቅድሚያ ያሰበው ኩባንያዎቹን ነበር፤ ጥበቃው በንዑስ ቆጣሪ ለሚከፍሉ ተከራዮች በግልጽ የተዘረጋው በ2002 ነው። ሃያ ዓመት ያህል መዘግየቱን እንደ ቀላል ነገር ማለፍ አይገባም።

መሐንዲሶችን ይበልጥ የሚመለከተው ግን በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው የተጋራ ቆጣሪ ሕግ ነው። ተከራዩ የራሱ ቆጣሪ አለው፤ ከኩባንያውም ጋር በስሙ ውል ገብቷል። ሆኖም የኮሪደሩ አምፑል፣ የምድር ቤቱ የውሃ ፓምፕ ወይም የጎረቤቱ ሶኬት ከእርሱ ቆጣሪ ኋላ ተቀጥሎ ይገኛል። አንዳንዴ ይህ የሚደረገው በተንኮል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን አንድ ትልቅ ቤት ለሁለትና ለሦስት ሲከፈል የድሮው ሽቦ እንዳለ ስለሚተው ነው። አቤቱታ ሲቀርብ ኩባንያው መመርመር አለበት። የዚህ ዓይነቱ ምርመራ መሠረት ቀላል ነው፦ የተከራዩ ማብሪያ ማጥፊያ በሙሉ ይጠፋል፤ ቆጣሪው መዞሩን ከቀጠለ፣ የሚዞርለት ነገር ምን እንደ ሆነ በሕንፃው ውስጥ መስመር ለመስመር ይፈለጋል። መጋራቱ ከተረጋገጠ ባለሕንፃው ሽቦውን ይለያል፤ እስኪለይ ድረስ ሒሳቡ በእርሱ ስም ይዛወራል፣ ተከራዩም ለሌላው የከፈለው ይታሰብለታል።